ከዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ በኋላ የቀረ የጭን ሕመም፦ እስከ መቼ ይታገሡታል?

ጥያቄ፦ መምህርት፣ ከባሕር ዳር

በሕክምና ሙያ ላይ ያላችሁም ሆነ እንደ እኔ በሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ የምትንቀሳቀሱ ሁሉ ምክራችሁን እንድትለግሱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ዕድሜዬ ወደ ስድሳ የተጠጋ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። ለአስም ሕመሜ ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ ስወስድ ቆይቻለሁ፤ በዚሁ ሳቢያ ሳይሆን አይቀርም በተባለ ምክንያት የቀኝ የጭን ዐጥንቴ ራስ የደም ዝውውር ተቋርጦበት ሞተ። ዓመታትን በማስታገሻና በምርኩዝ ካሳለፍሁ በኋላ ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ሙሉ የዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ ተደረገልኝ። ብሽሽቴን ይዞ ሌሊት ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኝ የነበረው የቀድሞው ሕመም በአጭር ጊዜ ውስጥ ጠፋ፤ ጫማዬን ራሴ ማድረግ፣ ክፍል ውስጥ ቆሜ ማስተማር፣ ገበያ ደርሼ መመለስ ቻልሁ፤ ስለዚህም ቀዶ ሕክምናው አልጠቀመኝም ብዬ አላማርርም።

ነገር ግን ከዚያ በፊት ፈጽሞ የማላውቀው ሌላ ሕመም መጥቶብኛል። ሕመሙ ያለው ዳሌዬ ላይ ሳይሆን ጭኔ ላይ ነው፤ ከፊት በኩል፣ በብሽሽቴና በጉልበቴ መካከል፣ በመዳፌ ልሸፍነው የምችለውን ያህል ቦታ ይይዛል። ተቀምጬ የተማሪዎች ደብተር ሳርም ቆይቼ ስነሣ፣ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ስራመድ ከውስጥ ጠልቆ ይጠዘጥዘኛል፤ ጥቂት ከተራመድሁ በኋላ ይለቀኛል፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ከዋልሁ ደግሞ ወደ ማታ ይመለሳል። ስተኛ አይሰማኝም። ትኩሳት የለኝም፤ ቁስሉም በደንብ ጠግጓል። በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር የተነሣሁትን ራጅ የተመለከቱልኝ ባለሙያዎች ብረቱ ቦታው ላይ እንዳለና ምንም ችግር እንደሌለ ነግረው መልሰውኛል። መልሱን ባከብርም፣ ችግር ከሌለ ስለ ምን እንደሚያመኝ የሚያስረዳኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

በዚህ መካከል ምክር ከየአቅጣጫው ይጎርፍልኛል። ጎረቤቶቼ ወጌሻ ዘንድ ሄጄ እንድታሽ ይወተውቱኛል፤ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ዳይክሎፌናክ በየቀኑ ብወስድ እንደሚሻለኝ መክሮኛል፤ እኅቴ ደግሞ የሚያሳምመኝ የታዘዘልኝ የአካል እንቅስቃሴ ነው ብላ እንድተወው ትፈልጋለች። እኔ ማወቅ የምፈልገው ይህ ሕመም የሚጠበቅ ነው ወይስ ብረቱ እየላላ ለመሆኑ ምልክት ነው የሚለውን ነው፤ የሚጠበቅ ከሆነም እስከ መቼ እንደምታገሠውና እስከዚያ ድረስ እንዴት አድርጌ እንደምይዘው ብትነግሩኝ ታላቅ ውለታ ነው።

ምላሽ፦ ጡረተኛ፣ ከሜሪላንድ

እኅቴ፣ እግዚአብሔር ምሕረቱን ያውርድልዎ። እኔ በምኖርበት አገር የግራ ዳሌዬ የተቀየረው ከፊት በኩል በሚደረግ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ብረቱም ያለ ሲሚንቶ የገባ ነው። ከዚያ በኋላ ጭኔ ላይ የተሰማኝ ሕመም አንድ ዓይነት አልነበረም፤ ሁለት መሆናቸውን ለይቼ እስካውቅ ድረስ ደግሞ ከሐኪሜ ጋር መግባባት አልቻልንም ነበር። አንደኛው በጭኔ የውጭ ጎን ቆዳው ላይ የሚያቃጥልና የሚደነዝዝ፣ ሱሪ ሲነካው እንኳ የሚቆጠቁጥ ስሜት ነበር። ይህ ለጭን የጎን ቆዳ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ በመነካቱ ወይም በመወጠሩ የሚመጣ እንደሆነና ከፊት በኩል በሚደረገው ቀዶ ሕክምና ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም እንደሆነ ተነገረኝ፤ እየደበዘዘም ሄደ፤ ዛሬ የቀረኝ ትንሽ የደነዘዘ ቦታ ብቻ ነው። ሁለተኛው ልክ እርስዎ እንዳሉት ጠልቆ የሚጠዘጥዝ፣ ከመቀመጫ ስነሣ የሚይዘኝ ነበር። እርሱ የተወኝ ሁለተኛው ዓመት ካለፈ በኋላ ነው፤ በአንድ ቀን ሳይሆን ጭራሽ ሳላስተውለው ነው የጠፋው።

ለእርስዎ የምመክረው ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ "ጭኔን ያመኛል" ብለው ብቻ እንዳይናገሩ ነው። የሚያምዎ ቦታ በጣት የሚጠቆም ይሁን በመዳፍ የሚሸፈን፣ የሚጀምርዎ ሲነሡ ይሁን ሲቆዩ፣ ሲተኙ ይተው ወይም ይባስ፣ ካለፈው ወር ጋር ሲነጻጸር ይቀነስ ወይም ይጨምር በትንሽ ደብተር ላይ ይጻፉት። እኔ ይህን ማድረግ ከጀመርሁ በኋላ ነው በእርግጥ የተደመጥሁት። እዚህ በጻፉት ጥያቄ ውስጥ አብዛኛውን ለይተው አስቀምጠውታል፤ ያንኑ ለሐኪምዎ ይስጡት።

ምላሽ፦ የዐጥንት ቀዶ ሐኪም፣ ከአዲስ አበባ

እትዬ፣ ራጅዎን ሳላይና እግርዎን ሳልመረምር ምን እንደሆነ ልወስን አልችልም፤ ነገር ግን አገላለጽዎ በጣም የጠራ ስለሆነ ምን ምን መታሰብ እንዳለበት በዝርዝር ልጻፍልዎ።

በመጀመሪያ የሕመሙ ቦታ ራሱ ብዙ ይናገራል። ከመገጣጠሚያው ጽዋ፣ ማለትም በዳሌ ዐጥንት ላይ ከሚገጠመው ጎድጓዳ ክፍል፣ የሚነሣ ሕመም ብዙውን ጊዜ ብሽሽት ወይም መቀመጫ ላይ ይሰማል፤ በጭን መካከል ከፊት በኩል የሚሰማው ግን በአብዛኛው ወደ ጭን ዐጥንት ውስጥ ከገባው የብረት ዘንግ ጋር የተያያዘ ነው። ዘንጉ ከዐጥንቱ ጋር የሚያያዝበት መንገድ ሁለት ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሰር ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1962 በራይቲንግተን ሆስፒታል ዘመናዊውን የዳሌ ቅየራ ሲጀምሩ ብረቱን የሚያስይዙት በዐጥንት ሲሚንቶ ነበር፤ ይህ መንገድ ዛሬም በተለይ በዕድሜ ለገፉና ዐጥንታቸው ለሳሳ ሰዎች ይመረጣል። ሁለተኛው መንገድ ደግሞ ላዩ ሸካራ የሆነ ዘንግ በዐጥንቱ ውስጥ ተጠብቆ እንዲገባ ተደርጎ፣ ዐጥንቱ ራሱ በጊዜ ሂደት አድጎ እንዲይዘው መተው ነው። እርስዎ የሚሉት ዓይነት የጭን ሕመም ጎልቶ የታወቀው ይህ ሲሚንቶ የሌለው ዘንግ ከተስፋፋ ወዲህ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሕያው ዐጥንት በክብደት ሥር በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ብረት ግን ከዐጥንት ይልቅ እጅግ ግትር ነው። ታይታኒየም የኮባልት ክሮምን ግማሽ ያህል ግትርነት ቢኖረውም፣ ከጭን ዐጥንት ጠንካራ ሽፋን ጋር ሲነጻጸር አሁንም በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የዘንጉ ውፍረት በትንሹ ሲጨምር ደግሞ ግትርነቱ ከውፍረቱ በላይ ያድጋል፤ የዐጥንታቸው ቱቦ ሰፍቶ ወፍራም ዘንግ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ይህን ሕመም የሚያዩት በዚህ ነው። እርምጃ በወሰዱ ቁጥር ብረቱ ሳይለጠጥ ዐጥንቱ ይለጠጣል፤ ይህ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው ዘንጉ በሚያበቃበት በጭኑ መካከል ላይ ነው፤ የዐጥንቱ ሽፋንም ሥሜቱን እንደ ጥልቅ ጥዝጠዛ ይገልጸዋል። ዐጥንቱ ብረቱን መያዝ የሚጀምረው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢሆንም፣ ለአዲሱ ጭነት ራሱን አስተካክሎ የሚጨርሰው ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ በዚህ ጊዜ ውስጥ ያለ፣ እየቀነሰ የሚሄድና ምርመራው ንጹሕ የሆነ የጭን ሕመም ብዙውን ጊዜ ያለ ሌላ ቀዶ ሕክምና ይረግባል።

ይህን ስል ግን "የሚጠበቅ ነው" በሚል ቃል ሕመምዎ ሳይመረመር እንዲታለፍ አልፈልግም። ከመቀመጫ ሲነሡ በመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች የሚይዝ ሕመም ዘንጉ በዐጥንቱ ያልተያዘ ወይም የላላ ሲሆንም የሚታይ ምልክት ነው። ልዩነቱን የሚያወጣው የሕመሙ አካሄድና የራጆች ንጽጽር ነው። ለረጅም ጊዜ ደኅና ከሆኑ በኋላ አዲስ የጀመረ፣ ወይም ከወር ወደ ወር እየባሰ የሚሄድ ሕመም መላላትን ያስጠረጥራል። አንድ ራጅ ለብቻው ይህን አያሳይም፤ ቀዶ ሕክምናው እንደተጠናቀቀ የተነሡት የመጀመሪያው ራጅ ከመጨረሻው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ዘንጉ ወደ ታች ሰምጦ እንደሆነ፣ በዙሪያው ጥቁር መስመር ወጥቶ እንደሆነ መታየት አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥቂት ሚሊሜትር ሰምጦ የቆመ ዘንግ ብዙም አያሳስብም፤ መስመጡን ያላቆመ ግን ያሳስባል። "ችግር የለውም" የተባሉት በየትኛው ራጅ ከየትኛው ጋር ተነጻጽሮ እንደሆነ ይጠይቁ። የቀዶ ሕክምና ማጠቃለያዎን ደግሞ ከተሠራልዎ ተቋም ይውሰዱ፤ ዘንጉ ሲሚንቶ ያለው ይሁን የሌለው፣ ከምን ብረት የተሠራና ምን ያህል መጠን እንዳለው የሚገኘው እዚያ ላይ ነው፤ ወደፊት ለሚያይዎ ሐኪም ሁሉ ይህ ወረቀት ከራጁ የማይተናነስ ዋጋ አለው።

ኢንፌክሽን ሌላው መታለፍ የሌለበት ነገር ነው። ትኩሳት አለመኖሩ ብቻ ነፃ አያወጣም፤ ሥር የሰደደ ኢንፌክሽን ያለ ትኩሳት በሕመም ብቻ ሊገለጥ ይችላል፤ በተለይ በእረፍትና በሌሊት የማይለቅ ከሆነ። በሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚጠቁሙት ሲአርፒ እና ኢኤስአር የሚባሉት የደም ምርመራዎች ርካሽና በየከተማው የሚሠሩ ናቸው። ሲአርፒ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሳምንታት ውስጥ ወደ ነበረበት ስለሚመለስ፣ ዓመት በቀረበ ጊዜ ከፍ ብሎ ከተገኘ ምክንያቱ መፈለግ አለበት፤ ቀጣዩም እርምጃ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ በመርፌ ቀድቶ መመርመር ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልለምን፦ ማንም ሰው "ምናልባት ኢንፌክሽን ይሆናል" ብሎ ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ ገዝቶ አይጀምር። ፈሳሹ ከመቀዳቱ በፊት አንቲባዮቲክ የወሰደ ሰው ጀርሙ በላቦራቶሪ እንዳይበቅል ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ የትኛው መድኃኒት እንደሚያክመው ማወቅ እጅግ አዳጋች ይሆናል።

ዳይክሎፌናክን በተመለከተ፣ እርስዎ አስም አለብዎ። ይህና የእርሱ ቤተሰብ የሆኑ ማስታገሻዎች በአንዳንድ የአስም ሕሙማን ላይ ትንፋሽ ያሳጥራሉ፤ ከፕሬድኒሶሎን ጋር ሲወሰዱ ደግሞ የጨጓራ ቁስለት አደጋን ይጨምራሉ፤ ኩላሊትንና የደም ግፊትንም ይነካሉ። በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት አድርገው እንዳይጀምሩት። ፓራሲታሞል በታዘዘው መጠን የተሻለ መነሻ ነው። ወጌሻን በተመለከተ ደግሞ ለአገራችን የቆየ ጥበብ አክብሮት አለኝ፤ ነገር ግን ብረት የገባበትን ዳሌ ማሸት፣ መጎተትና መጠምዘዝ መገጣጠሚያውን ሊያስወልቅ፣ የሳሳውንም ዐጥንት ዘንጉ ዙሪያ ሊሰብር ይችላል። ይህን ፈጽሞ አያድርጉት።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ መልሱ ያስፈልገኛልና እባክዎ ይመልሱልኝ። ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የወሰዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ለዐጥንት መሳሳት በሳምንት አንዴ የሚዋጥ አሌንድሮኔት ይታዘዝላቸዋል። እርስዎስ ይወስዳሉ ወይ? ከወሰዱስ ምን ያህል ጊዜ ሆነዎ?

ምላሽ፦ የአባቱ አስታማሚ፣ ከአዳማ

ከሐኪሙ ቀጥሎ መጻፍ ቢከብደኝም በቤታችን የሆነውን ለእትዬ መንገር ፈለግሁ። አባቴም ዳሌያቸው ከተቀየረ በኋላ ጭናቸውን ከፊት በኩል ያማቸው ነበር፤ ሁላችንም ዓይናችንን ከብረቱ ላይ ሳናነሣ ቆየን። የእርሳቸው ሕመም ግን ሲቆሙና ቀጥ ብለው ሲሄዱ እየጨመረ፣ ተቀምጠው ወደ ፊት ጎንበስ ሲሉ የሚለቅ፣ አልፎ አልፎም እስከ ጉልበታቸው የሚወርድ ነበር። የመረመራቸው ሐኪም የጉልበታቸውን የነርቭ ምላሽ በመዶሻው ሲፈትሽ በዚያ በኩል ደክሞ አገኘው፤ ነገሩ ወገባቸው ላይ የተጫነ ነርቭ ሆነ። ከወገብ የሚወጡ ነርቮች የጭንን ፊት ስለሚያዳርሱ ሕመሙ የዳሌ መስሎ ይታያል። ለወገባቸው የተለየ እንቅስቃሴ ታዘዘላቸው፤ አሁን ደኅና ናቸው። የእርስዎ ሲነሡ የሚጀምርና ሲራመዱ የሚለቅ ስለሆነ የተለየ ይመስለኛል፤ ቢሆንም ወገብዎም አብሮ እንዲታይ ይጠይቁ።

ምላሽ፦ መምህርት፣ ከባሕር ዳር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ በተለይ እርስዎን ዶክተር፣ ይህን ያህል ጊዜ ወስደው የጻፉልኝን። አሌንድሮኔት እወስዳለሁ፤ የጀመርሁት የአስም ሐኪሜ ባዘዙልኝ ጊዜ ሲሆን፣ ከዳሌ ቀዶ ሕክምናው ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። እስካሁን ያቋርጡ ያለኝ ስለሌለ ሳላስታጉል በየሳምንቱ እወስደዋለሁ። ከጭን ሕመም ጋር ይገናኛል ብዬ አስቤው አላውቅም፤ ዳሌዬን ላዩልኝ ባለሙያዎችም አልነገርኋቸውም፤ አልጠየቁኝምም።

ምላሽ፦ የዐጥንት ቀዶ ሐኪም፣ ከአዲስ አበባ

እትዬ፣ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ፤ አሁን ከሌላው ነገር ሁሉ በፊት ቅድሚያ የሚሰጠው ይህ ነው። አሌንድሮኔት የወገብንና የዳሌን ስብራት የሚከላከል ጠቃሚ መድኃኒት ነው። ነገር ግን ከአምስት ዓመት በላይ በወሰዱ ጥቂት ሰዎች ላይ የጭን ዐጥንት ከውጭ በኩል ቀስ በቀስ እየተሰነጠቀ፣ ያለ ከባድ አደጋ ከመካከሉ ሊሰበር ይችላል። ሁኔታው አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይ ነው፤ ፕሬድኒሶሎን የሚወስዱ ሰዎች ላይ ደግሞ የበለጠ ይጠረጠራል። ከመሰበሩ ሳምንታት ወይም ወራት አስቀድሞ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ብዙውን ጊዜ ልክ እርስዎ በገለጹት ቦታ፣ ጭን ላይ የሚሰማ ጥዝጠዛ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ከዳሌ ቅየራ በኋላ የሚነሣው ራጅ ዳሌን መሠረት ያደረገ ስለሆነ የጭን ዐጥንትን ሙሉ በሙሉ አያሳይም፤ አንዳንዴም የዘንጉ ጫፍ ጭምር ከምስሉ ውጭ ይቀራል። ስለዚህ የሁለቱንም ጭኖች ሙሉ ርዝመት፣ ከዳሌ እስከ ጉልበት፣ ከፊትና ከጎን የሚያሳይ ራጅ በዚህ ሳምንት እንዲነሡ እመክርዎታለሁ። ሁለቱንም የምልበት ምክንያት ይህ ስንጥቅ ሕመም በሌለበት ጭን ላይም ስለሚገኝ ነው። ምርመራው እስኪደርስ ድረስ በክራንች እየተደገፉ ይራመዱ፤ ሸክም አያንሡ። መድኃኒቱን ስለ ማቆም ወይም ስለ መቀጠል ደግሞ ያዘዘልዎ ሐኪም ራጁን አይቶ ይወስን። በቆሙበት ወይም በተራመዱበት ድንገት እግርዎ ክብደት አልቀበል ካለ፣ ወይም ጭንዎና ባትዎ አብረው ቢያብጡና ቢሞቁ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ የኋለኛው የደም መርጋት ምልክት ሊሆን ይችላልና።

ምላሽ፦ መምህርት፣ ከባሕር ዳር

ዘግይቼም ቢሆን ውጤቱን ላሳውቃችሁ። ምክራችሁን ይዤ የቀዶ ሕክምና ማጠቃለያዬን አስላክሁ፤ ዘንጉ ሲሚንቶ የሌለው ታይታኒየም መሆኑን ያረጋገጥሁት ከዚያ ነው። የሁለቱም ጭኖቼ ሙሉ ራጅ ተነሣ፤ የተሰነጠቀ ወይም በውጭ በኩል የወፈረ ዐጥንት አልተገኘም። ሐኪሙ የመጀመሪያውንና የአሁኑን ራጅ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ከለካ በኋላ ዘንጉ አለመስመጡን በዓይኔ አሳየኝ፤ ይህን ማየቴ ከማንኛውም ማስታገሻ የበለጠ አሳርፎኛል። ሲአርፒውም ኢኤስአሩም ደኅና ነው፤ ወገቤም ተፈትሿል። የተደረሰበት ሐሳብ ዐጥንቱ ከዘንጉ ጋር ገና እየተላመደ መሆኑ፣ የጭንና የዳሌ ጡንቻዎቼም ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበሩት የስቃይ ዓመታት መድከማቸው ነው። አሌንድሮኔቱን ለጊዜው እንዳቆም ተወስኖ የዐጥንት ጥንካሬዬ እንደገና እንዲለካ ተቀጥሬያለሁ፤ ራጁም ሁለት ዓመት ሲሞላ ይደገማል።

አሁን የቀረኝ የየዕለቱ ኑሮ ነው። ክፍል ውስጥ ለረጅም ሰዓት እቆማለሁ፤ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት የምሄደው በባጃጅ ነው፤ ዐቢይ ጾም ሲመጣ ደግሞ ስግደት አለ። በእነዚህ ላይ የሚመክረኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በመካከላችሁ ካለ እባካችሁ።

ምላሽ፦ ፊዚዮቴራፒስት፣ ከሐዋሳ

እትዬ፣ እንኳን ደስ አለዎ። ምርመራው ንጹሕ ሆኖ መገኘቱ ለእንቅስቃሴው መሠረት ነውና አሁን በሙሉ ልብ መሥራት ይቻላል። እኅትዎ ከፍቅር የተነሣ እንቅስቃሴውን እንዲተዉ ቢመክሩዎም፣ ጡንቻ ሲደክም ብረቱና ዐጥንቱ የሚሸከሙት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ሰው በዝግታ ሲራመድ ዳሌው ላይ የሚያርፈው ኃይል ከሰውነቱ ክብደት ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ነው፤ ይህም የሚሆነው የዳሌ ጎን ጡንቻዎች ሰውነትን ቀጥ አድርገው ለመያዝ ስለሚጎትቱ ነው። ምርኩዝ በተቃራኒው እጅ ሲያዝ ለእነዚህ ጡንቻዎች ሥራውን ያቀልላቸዋል። የእርስዎ የተቀየረው ቀኙ ስለሆነ ምርኩዙ በግራ እጅዎ ይያዝና ከቀኝ እግርዎ ጋር እኩል ይረፍ። ብዙ ሰው በታመመው በኩል ስለሚይዘው ጥቅሙን አያገኝም። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቀድማል፤ ሲወርዱ ደግሞ ምርኩዙና የተቀየረው እግር ይቀድማሉ።

ለመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ሕመም የምመክረው ከመነሣትዎ በፊት ጡንቻዎቹን እንዲያነቁ ነው። ደብተር አርመው ሲጨርሱ ተቀምጠው ሳሉ ጉልበትዎን ቀስ ብለው እየዘረጉ ይመልሱ፤ የጭን ጡንቻዎን ጨብጠው ይልቀቁ፤ ወደ ወንበሩ ጫፍ ቀረብ ብለው፣ የወንበሩን ክንድ በእጅዎ ተደግፈው ይነሡ፤ ከዚያም ወዲያውኑ ከመራመድ ይልቅ ቆም ብለው ክብደትዎን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያመላልሱ። ከመቀመጫ መነሣትና ደረጃ መውጣት ዘንጉን በመጠኑ የመጠምዘዝ ጠባይ ስላላቸው፣ ዝቅ ባለ መቀመጫ ላይ የሚቀመጡበት ጊዜ ባነሰ ቁጥር ጭንዎ ያርፋል። ቡና በሚፈላበት ቦታ ዱካ ላይ መቀመጡን ይተዉ፤ ወንበሩ ሲቀመጡ ዳሌዎ ከጉልበትዎ ከፍ እንዲል የሚያደርግ ይሁን። መጸዳጃውም የሚቀመጡበት ካልሆነ፣ መካከሉ የተከፈተ የፕላስቲክ ወንበር ከላዩ ማስቀመጥ ብዙ ሰዎችን ረድቷል።

ጡንቻ ለማጠንከር ጀርባዎ ላይ ተኝተው ጉልበትዎን አጥፈው መቀመጫዎን ከፍ ማድረግ፣ ግድግዳ ወይም ጠረጴዛ ይዘው ቆመው የተቀየረውን እግር ወደ ጎን ማውጣት፣ ከፍ ካለ ወንበር በቀስታ መነሣትና መቀመጥ ዋናዎቹ ናቸው። መጠኑን የሚወስነው ማግስቱ ነው፦ ሲሠሩ ትንሽ የተሰማዎ ሕመም እስከ ማግስቱ ጠዋት ከረገበ መጠኑ ልክ ነው፤ ጠዋትም ካለና ከበረታ ድግግሞሹን ይቀንሱ እንጂ ፈጽመው አያቁሙ። ክፍል ውስጥ ከፍ ያለ መቀመጫ ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ያስቀምጡና ተማሪዎች ሲጽፉ ያርፉበት። ማታ ጭንዎ ሲጠዘጥዝ በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ላስቲክ ማኖር ይቻላል፤ ቆዳው የደነዘዘበት ቦታ ካለ ግን እንዳያቃጥልዎ ይጠንቀቁ። ሁለቱ እግሮችዎ እኩል መሆናቸውንም የሚያክምዎ ባለሙያ ይለካ፤ ትንሽ ልዩነት በጫማ ውስጥ በሚገባ ንጣፍ ይስተካከላል።

ስግደቱን በተመለከተ ግንባር ምድር እስኪነካ መስገድ ዳሌን ከዘጠና ዲግሪ በላይ ያጥፋል፤ ከዚያ መነሣቱ ደግሞ ሙሉ ክብደትን በታጠፈ ዳሌ ላይ ይጥላል። ከጀርባ በኩል ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ሰው ይህ የመውለቅ አደጋ ስላለው፣ የተሠራልዎ በየት በኩል እንደሆነ በማጠቃለያው ላይ ይመልከቱና ሐኪምዎን ይጠይቁ። እስከዚያ መቋሚያዎን ተደግፈው ቆመው ራስዎን ዝቅ በማድረግ መስገድ እንዲችሉ ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ፤ ብዙ ሕሙማኖቼ እንዲህ አድርገው ጾማቸውን በሰላም ፈጽመዋል። ሙስሊም ሕሙማኖቼም ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሰግዳሉ።

ባጃጁን ስንመጣ፣ መቀመጫው ዝቅተኛ ስለሆነ አገባቡ ነው ዋናው። እግርዎን አስቀድመው አያስገቡ፤ ጀርባዎን ወደ መቀመጫው ሰጥተው፣ ቀኝ እግርዎን ወደ ፊት ዘርጋ አድርገው፣ የባጃጁን ብረት ይዘው መጀመሪያ ይቀመጡ፤ ከዚያ ሁለቱን እግሮችዎን አንድ ላይ አድርገው ሳይጠማዘዙ ያስገቡ። ከፍ እንዲልልዎ ጠንካራ ትራስ ይዘው መሄድ ይችላሉ። በሚኒባስ ከሄዱ ደግሞ ከኋላ ወንበሮች ይልቅ ጋቢና እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ ሲወርዱም በገቡበት አኳኋን፣ ሁለቱንም እግሮች አንድ ላይ አውጥተው፣ ምርኩዙን ካስተካከሉ በኋላ ይነሡ።